ያልተነሳው ሳር

ውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደከረምክ ከጨንቻ የሚወርድ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። ቡልኮህን ደርበህ ከወንድምህ ደጅ ተቀምጠህ እንደምትውል፣ ሰው ሲመጣ ፊትህን ወደ ግድግዳው እንደምታዞር፣ ስልክህንም አጥፍተህ ሣጥን ውስጥ እንደከተትከው ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እዚያ እየዘነበ ነው? እዚህ ጫኖ ፀሐይ ነው። ጠዋት ያጠብኩት የሕፃን ልብስ ይህን ስጽፍልህ ደርቆ ክርር ብሏል። ግን አንተም እኔም እናውቃለን፤ እኛን የሚወስደን እኛ ላይ የዘነበው ዝናብ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ አንተ ካለህበት ተራራ ላይ የዘነበው ነው።

የቀበሌው ሰው ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጦ፣ "ሐሬ ወንዝ ሊሞላ ይችላል፤ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ወደ ከተማ ውጡ" እያለ ትናንት ሲዞር ዋለ። ዘንድሮ የሳቀበት የለም። ሰዉ ሁሉ እየወጣ ነው። ፍየል የሚጎትተው አለ፣ ቆርቆሮውን የሚነቅለው አለ፣ ለጋውን የሙዝ ዘለላ ሳይቀር ቆርጦ የሚጭነው አለ። ቀድሞ የወጣው ማን መሰለህ? ክንፉ ነው። አዎ፣ ያው ጎረቤታችን ክንፉ። ያኔ በጎርፉ ጊዜ ገጀራ መዝዞ "ከዚህ የሚወጣ በእኔ ሬሳ ላይ ይለፍ" ያለው ሰው፣ ትናንት ፍራሹን በጋሪ ጭኖ ማንንም በወጉ ሳይሰናበት ሄደ። ነጋዴው ጀማልም እንደዚያን ጊዜው አይሱዙውን ለሰው ማውጫ ሰጥቷል፤ ከተማ ያለውን የሙዝ መጋዘኑን ጠርጎ ምንጣፍ አንጥፎበታል። ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው ጭነት ይወጣል።

ሚስትህ ግን አልወጣም ብላለች። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልህ ለዚህ ብቻ ነው፤ ናፍቀኸኝ አይደለም።

"ምነው እማዬ?" ስላት መጀመሪያ ጉልበቴን አሞኛል አለች። ጀማል ተሸክሜ እጭንሻለሁ ሲላት ዶሮዎቼስ አለች። የጀማል ሚስት ረይሐና ዶሮዎቹን በቅርጫት አድርጋ ስትወስድላት ምክንያት አለቀባትና እውነቱን ተናገረች። "አባትሽ የጣለው ሳር አልተነሳም" አለችኝ። "ማንም ለብቻው አይወጣም ብሎ ጣለ፤ ሳያነሳው ሄደ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ክንፉ ጋሪውን እየጫነ ሰምቷት ሳቀ። "እማማ ሻሺቱ፣ ሳሩን እኮ ያኔውኑ ጎርፍ ወስዶታል፤ ጎርፍ ያነሳውን እንደተነሳ ይቁጠሩት" አላት።

"ጎርፍ ሽማግሌ አይደለም" ብላ መለሰችለት።

ቄሱም መጥተው ነበር። ይህ የድሮ ነገር ነው፣ በእግዚአብሔር ታምኚ የለም ወይ አሏት። "አምናለሁ አባ፤ እሱንም አምናለሁ፣ ይሄንንም አውቃለሁ" አለቻቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። እኔም አብረውህ ወደተንበረከኩት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ዞርኩ። እናንተ አንሡላት፣ አሮጊት ናት፣ ትሰማችኋለች ብዬ ለመንኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና "የጣለው አባትሽ ኦይታ ነው፤ የኦይታን ሳር እኛ አናነሳም" አሉኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄው ነው። ቃሉ ካንተ አፍ ወጥቷል፤ የሚመልሰውም አንተው ነህ።

ብቻችንን ስንሆን የሆዷን አወጣችልኝ። "ይፍሩ እኔን ሊያወጣ ብሎ ሳሩን በጎማ ረገጠ" አለች። "በዚያው ተወሰደ። ጎሜ እንዲህ ነው ልጄ፤ ሕግ የተላለፈውን ይመታል፣ ወይ የሚወደውን ይመታል። አሁን ደግሞ ለእኔ ብለሽ ብትረግጪው ማንን ይወስዳል? አንቺን? ይህቺን ሕፃን? ሁለተኛ በእኔ ምክንያት ሳር የሚረገጥ ከሆነ የይፍሩ አጥንት ይውጋኝ!" ከዚህ መሐላ በኋላ በግድ ተሸክሞ መኪና ላይ የሚጭናት ሰው ጫኖ ውስጥ አይገኝም። እኔም አልችልም። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ እያመነች፣ አጠገቤ ተኝታ፣ ልጄን አቅፋ እያስተኛች ዝም ብላ ኖራለች። አንተ ጨንቻ ላይ እሳት ስትሞቅ።

ያቺን ቀን አንተ ያየሃት መሬት ላይ ተንበርክከህ ነው። እኔ ደግሞ ከአይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ ከይፍሩ ጎን ተቀምጬ አይቻታለሁ። ከእኔ አፍ ሰምተሃት ስለማታውቅ ዛሬ ልንገርህ፤ ብታዞር ግድግዳ እንጂ እኔን አታገኝምና ፊትህን አታዙር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎርፍ ይመጣል ተብሎ የወጣን ወጥተን ነበር። ጎርፉ ቀረ። ስንመለስ ግን የብዙ ሰው ሙዝ ተቆርጦ ጠበቀን። የወጣው የቀረውን ሌባ አለው፤ የቀረው የወጣውን ፈሪ አለው። ሰላምታ ተቋረጠ፤ ለቅሶ እንኳ ተለያይቶ የሚደርስ መጣ። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ሰው የተጣላው በጎርፉ አልነበረም፣ በሙዙ ነበር። ሰማዩም እንደዛሬው ብሩህ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስለ እኛ የተባለ ይመስለኛል።

ጀማል "የሙዝ ጭነት ይቅር፣ ሰው ጫን" ብሎ መኪናውን ለይፍሩ ለቀቀለት። እማዬንና የመንደሩን አሮጊቶች ከኋላ አሳፍረን፣ ፍራሽ ደራርበን፣ ገና ሞተሩ ሲነሳ ክንፉና ወንድሞቹ ገጀራ ይዘው ከፊታችን ቆሙ።

"ይቺ መኪና ማታ ባዶዋን ትመለሳለች፤ ሙዛችንን ጭና ትሄዳለች! አምና አላየንም እንዴ!" አለ ክንፉ።

"ክንፉ፣ ከኋላ ያሉት እናቶች ናቸው። ያንተም አክስት አለችበት፤ ወጥተህ እይ" አለው ይፍሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

"አንተ መጤ ዝም በል! ከዚህ የሚወጣ በእኔ ሬሳ ላይ ይለፍ!"

ከእኛ ጋር የሚወጡትም ወንዶች ገጀራቸውን ይዘው ዘለው ወረዱ። አንድ ሰው ቢያስነጥስ ደም ይፈስ ነበር።

ያኔ መጣህ። ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀድመህ፣ እርጥብ ሳር በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ያን የሚያምህን ጉልበትህን አጥፈህ ከመኪናው ፊት ተንበረከክህ። ሌሎቹም ከጎንህ ተንበረከኩ። ገጀራዎቹ ወደ መሬት ወረዱ። ክንፉ ራሱ አንገቱን ደፋ። ይፍሩ ሞተሩን አጠፋ። አባባ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ኮርቼብህ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ከመስኖው ቦይ ዳር ሳር አጭጄ የማመጣልህ እኔ ነበርኩ፤ "እርጥቡን አምጪ፣ የደረቀ ሳር ማንንም አያስታርቅም" ትለኝ ነበር። በውሃ ተራ የተጣሉ ወንድማማቾችን አስታርቀህ ስትመጣ በትከሻህ ተሸክመኸኝ ማሳውን ታዞረኝ ነበር። ያ ሁሉ ትዝ አለኝና ሆዴ ውስጥ ላለችው ልጅ "አያትሽን እይ" አልኳት።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምክ! ተነሥተህ "የሚወጣ በሰላም ይውጣ፣ የሚቀርም በሰላም ይቅር" ብትል ምን ነበረበት? አንተ ግን ሳሩን በመንገዱ ላይ አጋደምከው። "ማንም ለብቻው አይወጣም፤ ማንም ለብቻው አይቀርም። ዱቡሻው ሜዳ ላይ ሸንጎ እንቀመጣለን። አሳባችን አንድ ሲሆን አብረን እንሄዳለን" አልክ። ፀቡን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ዘጋኸው።

ወደ ይፍሩ ዞርኩ። ይፍሩ የዲላ ልጅ ነው፤ ሳር ለእሱ ሳር ነው። እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲልክ "መንገድ ያመጣውን መንገድ ይወስደዋል" ብለህ የመለስክበት ሰው ነው። በሠርጋችን ቀን እንኳ ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ላለመቅረብ ሆድ ቁርጠት አሞኛል ብለህ ተኝተሃል፤ እማዬ ነች የመረቀችን። "ምን ታስባለህ?" አልኩት።

"እኔማ ማለፍ እችላለሁ" አለኝ። "ግን እኔ ብረግጠው ነገ አንቺ እዚህ አገር በምን ዓይንሽ ትኖሪያለሽ? የአባትሽን ቃል የማፈርሰው እኔ አልሆንም።"

ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወርዶ አሮጊቶቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። ሳርህን ከአገርህ ልጅ በላይ ያከበረልህ እሱ ነበር። ይህን አታውቅም፤ ጠይቀህም አታውቅም።

የዱቡሻውን ወግ ላንተ አልነግርህም። ሁሉም ይናገራል፣ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፣ አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው አይወሰንም። በሌላ ጊዜ እኔም የምኮራበት ወግ ነው፤ ድሃው እንደ ሀብታሙ የሚደመጥበት ቦታ ሌላ የት አለ? ጎርፍ ግን ተራ ጠብቆ አይናገርም። አንዱ ተነሥቶ ስለ ፍየሎቹ ተናገረ። አንዱ አያቱ እዚሁ ተወልደው እዚሁ እስኪሞቱ ጎርፍ ደጃቸው ደርሶ እንደማያውቅ ተናገረ። አንዱ ባለፈው ከተማ ስንወጣ ያደርንበት ቦታ መጸዳጃው እንዴት እንደሸተተው እያፍተለተለ ተናገረ፤ ይኼም በጽሞና ተደመጠ። ጀማልም ተራ ደርሶት ተነሣ። "ጋሽ ኦይታ፣ እኔ አገሩም ባይሆን ሰዉ ወገኔ ነው፤ መጀመሪያ እንውጣ፣ ከዚያ ከተማ ሆነን እንነጋገር" አለ። መልካም ብሏል አላችሁትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፋችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንተ ተነሥተህ "ያልበሰለ ነገር አይቆረጥም፤ ነገ እንጨርሰዋለን" አልክ። ሙዝ ጥሬውን ቆርጦ በሚሸጥ አገር! ማንም አልሳቀም። እኔ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ በሆዴ ሳቅኩ፤ የመጨረሻ ሳቄ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱም ፀሐይ ነበር። እሺ ያላለ የቀረው ክንፉ ብቻ ነበር። ተለመነ፣ ተመከረ፣ አክስቱ አለቀሰችበት። በመጨረሻ ባለፈው ከወጣውም ከቀረውም ወገን ሙዙን የሚጠብቁ ሰዎች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቁሙ ተባለና "እሺ" አለ። ሁሉም እልል አለ። እንውጣ ተባለ። አንተም ልትመርቅና ሳሩን ልታነሳ ተነሣህ። ምርቃትህ ደግሞ ረጅም ነው አባባ፤ ድሮም ረጅም ነው። ለከብቱ መረቅህ። ለማሳው መረቅህ። መካኖቹ እንዲወልዱ፣ የተሰደዱት እንዲመለሱ መረቅህ። እኛም ፀሐዩ ላይ ቆመን "አሜን" እንላለን። ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ የሰው "አሜን" መሰለኝ። ከዚያ የሙዝ ተክሉ ከጫፍ ጀምሮ ሲተኛ አየሁ። ውሃው ቀይ ነበር፤ ግንድ ተሸክሞ ነበር የመጣው።

ከዚያ በኋላ ሳር ያሰበ የለም። ይፍሩ እኔን፣ እማዬንና አሮጊቶቹን እያነሳ ወደ መኪናው ወረወረን። አዎ፣ ያጋደምከውን ሳር ረግጦ ወጣ። አስፋልቱ ላይ አራገፈን። "ሚስጥር፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ" አለኝና ዞሮ ተመለሰ። አልተሰናበተኝም፤ እመለሳለሁ የሚል ሰው አይሰናበትም። እኔም አስፋልቱ ላይ ቆሜ፣ እማዬን በክንዴ ይዤ፣ ጠበቅኩ። እንዴት ያለ መጠበቅ እንደነበረ ለጠላቴም አልመኘው።

የቀረውን የነገረኝ ጀማል ነው። አብሮት ተመልሶ ከመኪናው ላይ ስለነበረ በዓይኑ አይቷል። አንተ ዱቡሻው ላይ ቆመህ በስም እየጠራህ ሰው ትሰበስብ ነበር፤ ውሃው ጉልበትህን አልፎ ነበር። ይፍሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ። አቀፈህና አነሳህ፤ ጀማል ከላይ ክንድህን ያዘ፤ ሳቡህ። ይፍሩ ወደ መሪው ሊዞር ሲል ግንዱ መጣ። መኪናው ተገፍቶ ከማንጎ ዛፎቹ ጋር ተጣብቆ ቆመና እናንተ ላዩ ላይ ተረፋችሁ። እሱን አባያ ሐይቅ ዳር፣ ሸምበቆው ውስጥ አገኘነው።

ይህን ልትነግረኝ የሚገባህ አንተ ነበርክ። ሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠሃል። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" እያለ እጅህን ሲጨብጥ አንገትህን ትነቀንቃለህ። ወደ እኔ ዞር ብለህ "ልጄ፣ ባልሽ የሞተው እኔን አንሥቶ ነው" ማለት አቃተህ። እንዲህ ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ ምናልባት እጮህብህ ነበር፤ ግን አብረን እናለቅስ ነበር። ድንኳኑ እስኪፈርስ ጠበቅኩህ። ድንኳኑ ሲፈርስም ሸራውን አጣጥፈህ፣ ካስማውን ነቅለህ፣ ለእድሩ መልሰህ፣ ዝም አልክ።

ከዚያ ሽልማቱ መጣ። ጀማል ሱቅ ስኳር ልገዛ ቆሜ በቴሌቪዥን አየሁህ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አዲስ ጋቢ አለበሱህ፤ መስታወት የተገጠመለት የምስክር ወረቀት አሸከሙህ። "በእርጥብ ሳር ብቻ ደም መፋሰስን ያስቆሙ አባት" አሉህ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ጀማል ደንግጦ ሊያጠፋው ሮጠ፤ ተወው አልኩት። ውሸትም አላሉ፤ ደም አልፈሰሰም። የፈሰሰው ውሃ ነው። ስለ ውሃው የጠየቀህ አልነበረም፤ አንተም አላነሳህም። ሳይውል ሳያድር ጋቢውን እቤት ጥለህ ወደ ጨንቻ ወጣህ፤ ላርፍ ነው አልክ። እማዬ ጋቢውን ለብሳው አታውቅም። ዶሮዎቹ ይተኙበት ነበር።

ክፉ ሰው ነህ አልልም አባባ። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አባት ያለው ሰው ተጣልቶ ይገላገላል። አንተ ባትንበረከክ ኖሮ የክንፉ ገጀራ ይፍሩ አንገት ላይ ያርፍ እንደነበረ አውቃለሁ። ያን ቀን አድነኸዋል። በማግስቱ ደግሞ እሱ አዳነህ። ሒሳቡን ሳወራርደው ስውል አንድ ቀን እንኳ ልክ መጥቶልኝ አያውቅም። አንዳንዴ ልጄን ሳጠባ ድንገት ንዴቱ ይመጣብኝና ወተቴ ይቆም ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ጉልበቱን ማን ያሽለታል ብዬ አስባለሁ፣ በዚያ ብርድ። ይህን መጻፌ ያናድደኛል፤ ግን ከጻፍኩት አልሰርዘውም።

በፋሲካ ሽማግሌ ልከህብኝ ነበር። የወለደ አባት ነው ታረቂው አሉኝ፤ ውሃ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ዛሬም ስለ እርቅ አልጽፍልህም። ና የምልህ ለእኔ ብለህ እንድትመጣ አይደለም። እማዬ ካንተ ቃል በቀር ሌላ የምትሰማው ስለሌላት ነው። ና፣ ዱቡሻው ላይ ቁም። ሰው የለም፤ እሷና እኔ ብቻ ነን የምንሰማህ። ያቋረጥከውን ምርቃት ጨርሰው፤ ስለ እግዚአብሔር ግን አሳጥረው። ሳሩን እንዴት እንደምታነሳው አንተ ታውቃለህ። ከዚያ እሷን ዓይን ዓይኗን እያየህ "ሻሺቱ፣ ይፍሩን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም" በላት። የሞተው ማንን አንሥቶ እንደሆነም ንገራት፤ እሷም እስከዛሬ ካንተ አልሰማችም። ይህን ከሰማች ራሷ እግሯን አንሥታ መኪናው ላይ ትወጣለች።

አንተም አብረኸን ትወጣለህ። እስከ ከተማ ድረስ ከጎኔ ትቀመጣለህ። መንገድ ላይ ላላናግርህ እችላለሁ። ብትጠማ ግን ውሃ እሰጥሃለሁ፤ ስንደርስም ደግፌ አወርድሃለሁ። ከዚያ በላይ አሁን የለኝም።

ካልመጣህ ደግሞ እንዲህ ነው። እማዬ አትወጣም። እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም። አስፋልት ላይ ቆሞ መጠበቅን አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችለውም። ጀማል አብደሻል አለኝ። ረይሐናም እግሬ ላይ ወድቃ "ሚስጥርዬ፣ ልጅ አለሽ እኮ" ብላ ለመነችኝ። ልጅ እንዳለኝ አጥቼው አይደለም። እናትም አለችኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ለእነሱ አልነገርኳቸውም፤ አንተ ታውቃለህ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጋሻዬ ነው፣ የጨንቻው ሚኒባስ ሹፌር። አንብበህ እስክትጨርስ ደጅ ላይ እንዲጠብቅህ ለምኜዋለሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዞልሃል። ቡልኮህንና ምርኩዝህን ብቻ ይዘህ ውጣ። ነገ ከሰዓት በኋላ መገንጠያው ላይ ሆኜ ሚኒባሱን እጠብቃለሁ። ሲቆም ማን እንደሚወርድ አያለሁ።

ልጄን ጠዋት ረይሐና ወደ ከተማ ወስዳታለች። የታጠበውን ልብሷን ጀማል ማታ ይዞላት ይሄዳል። ጡት አስጥያታለሁ፤ ገንፎ ትበላለች፣ ሙዝ ትወዳለች፣ እንቅልፍ ሲመጣባት የሰው ጆሮ መያዝ ትፈልጋለች። የይፍሩ ወላጆች በሕይወት የሉም። ስለዚህ እማዬና እኔ እዚህ ከቀረን ከረይሐና ቤት ሄዶ የሚረከባት፣ የሚያሳድጋት ዘመድ አንተ ብቻ ነህ። ደጅ ቆመህ ልትጠራት ነው። ከተወለደች ጀምሮ ስሟን አንድ ቀን ጠይቀህ አታውቅምና አሁን እወቀው። ቤተልሔም ትባላለች።

ልጅህ ሚስጥር
ከጫኖ